የመንግሥት ዐይን፣ የዜጋ ገመና



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሁለት እውነቶችን አንድ ላይ ይዟል። አንደኛው፣ አገርን ከጥቃት መጠበቅ የመንግሥት የመጀመሪያ ግዴታ መሆኑ ነው፤ ዜጎቹን ከፈንጂ፣ ከታጣቂና ከአጋች ማዳን ያቃተው መንግሥት በስሙ መጠራት አይገባውም። ሁለተኛው፣ ሰው የሚናገረው፣ የሚጽፈው፣ የሚሄድበትና የሚያገኘው ሰው ሁሉ በማያውቀው ዐይን ሥር ሆኖ እንደ ሰው መኖር የማይችል መሆኑ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲነሡ ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን ወደ ሚዛን እንሮጣለን። በአንዱ ሳሕን ደኅንነትን፣ በሌላው ነጻነትን እናስቀምጥና አንዱ እንዲደፋ ሌላው መቅለል አለበት እንላለን። እኔ ግን ይህ ሚዛን ራሱ እንደሚያሳስተን ላሳያችሁ እወዳለሁ። በልዩ ልዩ አገሮች የተከማቸው ማስረጃ እንደሚመሰክረው፣ ገደብና ተቆጣጣሪ የሌለው ክትትል የዜጋውን ገመና ይገልጣል እንጂ ቃል የተገባውን ደኅንነት አያመጣም። ተጠርጣሪው ተለይቶ፣ በገለልተኛ ዳኛ ተፈቅዶ፣ በኋላም ተጠያቂነት ኖሮበት የሚደረግ ክትትል ግን አገርንም ዜጋንም ይጠብቃል። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን ማን እንደሚፈቅድ፣ ማን እንደሚቆጣጠርና ጥፋት ሲገኝ ማን እንደሚጠየቅ ነው። ክርክሬን በማስረጃ እየደገፍሁ፣ የሚነሡትን ተቃውሞዎችም እየመለስሁ እሄዳለሁ። የሌሎችን አገሮች ዘመን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእኛን ደግሞ በራሳችን መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከደኅንነት ሠራተኛው ወገን ሆነን እንጀምር፤ ፍትሓዊው መንገድ እርሱ ነውና። ክትትል ሕይወት እንደሚያድን አልክድም። በ2009 በኒውዮርክ የምድር ባቡር ላይ ቦምብ ለማፈንዳት ያሤሩ ሰዎች የተደረሰባቸው፣ የአሜሪካ የደኅንነት ሠራተኞች ፓኪስታን ውስጥ ያለ አንድ የአልቃይዳ ሰው የሚጠቀምበትን የኢሜይል አድራሻ ይከታተሉ ስለነበር ነው። ከአሜሪካ ምድር ወደዚያ አድራሻ ስለ ፈንጂ አቀማመም የሚጠይቅ መልእክት ሲደርስ ላኪው ታወቀ፤ ከጥቃቱም በፊት ሤራው ከሸፈ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የተጠለፈው አድራሻ በጥርጣሬ የተለየ ነበር። ሠራተኞቹ ማንን እንደሚፈልጉና ለምን እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለውን ክትትል የሚቃወም አስተዋይ ሰው አላውቅም፤ እኔም አልቃወመውም። ክርክሩ የሚነሣው «ማን አጥፊ እንደሆነ ስለማይታወቅ የሁሉም ይሰብሰብ» ሲባል ነው።

ይህ «የሁሉም ይሰብሰብ» የሚለው አስተሳሰብ በአደባባይ የተፈተነበት አንድ ታላቅ ጉዳይ አለን፤ የአሜሪካ የስልክ ጥሪ መዝገብ አሰባሰብ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ፣ በምኅጻሩ ኤንኤስኤ፣ የሚሊዮኖችን የጥሪ መዝገብ በጅምላ መሰብሰብ ጀመረ። ማን ለማን እንደ ደወለ፣ መቼ እንደ ደወለና ስንት ደቂቃ እንዳወሩ ይመዘገብ ነበር፤ መዝገቡም ለአምስት ዓመት ይቀመጥ ነበር። በመጀመሪያ በፕሬዚዳንቱ ፈቃድ ብቻ፣ ከ2006 ወዲህ ደግሞ በምስጢር በሚያስችል ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይሠራበት የነበረው ይህ መርሐ ግብር በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በጁን 2013 ነው፤ በኤጀንሲው ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች በጋዜጦች ሲታተሙ ማለት ነው። ባለሥልጣናቱ በወቅቱ የኤጀንሲው የክትትል ሥራዎች ሃምሳ አራት ሤራዎችን እንዳከሸፉ ተናገሩ። በምክር ቤት ፊት ሲመረመሩ ግን ከእነዚህ ውስጥ ከጥሪ መዝገቡ ጋር የሚያያዙት አንድ ወይም ሁለት ብቻ መሆናቸው ታመነ።

ከዚያ በኋላ የግል ሕይወትና የዜግነት መብቶችን እንዲከታተል በሕግ የተቋቋመ ቦርድ ምስጢራዊ ሰነዶችን ሳይቀር መረመረ። በጃንዋሪ 2014 ባወጣው ዘገባ ላይ፣ መርሐ ግብሩ በአሜሪካ ላይ በተቃጣ አደጋ ምርመራ ውስጥ ውጤቱን በተጨባጭ የለወጠበት አንድም አጋጣሚ እንዳላገኘ ገለጸ። ለመርሐ ግብሩ ዋና ማስረጃ ተደርጎ የቀረበው ጉዳይ በሳንዲያጎ የሚኖር አንድ የታክሲ ሹፌር ለሶማሊያው አልሸባብ 8,500 ዶላር ያህል መላኩ ነበር። ወንጀል ነው፤ ነገር ግን በአሜሪካ ላይ የታቀደ ጥቃት አልነበረም፤ ቦርዱም ሰውየውን በተለመደው የምርመራ መንገድ ማግኘት ይቻል እንደነበር አመለከተ። በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉ ለጅምላ አሰባሰብ ሥልጣን እንደማይሰጥ ወሰነ፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት አስቆመው። በምትኩ የተዘረጋው ጠበብ ያለ አሠራርም ቢሆን ከ2015 እስከ 2019 ድረስ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ያስገኘው አንድ ጉልህ ምርመራ ብቻ ነው። በዓለም ላይ ከፍተኛው የቴክኖሎጂ አቅምና በጀት ያለው ተቋም በጅምላ ክትትል ያገኘው ፍሬ ይህ ከሆነ፣ አቅሙ ያነሰ አገር ከዚያ የተሻለ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ የሚያደርግበት ምክንያት የለም።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ከክትትል ሥራ ጠባይ የሚመጣ ነው። የደኅንነት ተቋማት ብዙ ጊዜ የሚወድቁት መረጃ በማጣት ሳይሆን የያዙትን ባለማገናኘት ነው። የሴፕቴምበር 11ን ጥቃት የመረመረው ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ዘገባ እንዳሳየው፣ ከጠላፊዎቹ ሁለቱ በጃንዋሪ 2000 በማሌዥያ ስብሰባ ላይ መታየታቸውን ሲአይኤ ያውቅ ነበር። ሰዎቹ አሜሪካ ገብተው ሳንዲያጎ ተቀምጠው ሳለ መረጃው ለኤፍቢአይ በጊዜው አልደረሰም። በ2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ካፈነዱት ሁለት ወንድማማቾች ታላቁን በሚመለከት የሩሲያ መንግሥት ሁለት ዓመት ቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ ኤፍቢአይም ሰውየውን አነጋግሮ ፋይሉን ዘግቶታል። በሁለቱም ጊዜ የጎደለው የያዙትን በጥንቃቄ የሚመረምር ሰው፣ ከሌላው ተቋም ጋር የሚነጋገር አሠራርና ትክክለኛ ፍርድ ነው። የሚሊዮን ንጹሓን ሰዎች ጥሪ ሲጨመርበት መርማሪው የሚያሳድዳቸው የውሸት ጥርጣሬዎች ይበዛሉ፤ ጊዜውን ይበሉበታል፤ እውነተኛው አደጋ በመካከል ያልፋል።

የጅምላ ክትትል እስከ መጨረሻው ጫፍ የተሄደበት አገር ምሥራቅ ጀርመን ነበረች። አሥራ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበራት በዚያች አገር የምስጢር ፖሊሱ የስታዚ ቋሚ ሠራተኞች በ1989 ዘጠና ሺህ ያህል ደርሰው ነበር፤ በጎረቤት፣ በሥራ ባልደረባ፣ አንዳንዴም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚያወሩት ጆሮ ጠቢዎች ደግሞ ከመቶ ሰባ ሺህ በላይ ነበሩ። የተከማቸው ፋይል በመደርደሪያ ሲለካ ከመቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን ሁሉ ያወቀ መንግሥት ሕዝቡ ምን ያህል እንደመረረው ሳይገባው በርሊን ላይ ግንቡ ፈረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ አገሪቱ ራሷ ከካርታ ጠፋች። የሚፈራ ሕዝብ እውነቱን ለመንግሥቱ አይነግርም። መንግሥት እውነቱን የማይሰማ ከሆነ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ጆሮ ጠቢዎች የሚያመጡለት የፍርሃትን ድምፅ ብቻ ነው።

የጅምላ ክትትል ቃል የተገባውን ደኅንነት አያመጣም የሚለው የመጀመሪያው ነጥቤ ነበር። ሁለተኛው ነጥቤ ከዚህ የከበደ ነው፤ ገደብ የሌለው ክትትል ራሱ ለአገር ደኅንነት አደጋ ይሆናል። በ2004 የኦሎምፒክ ውድድር በተካሄደበት ሰሞን በግሪክ ምን እንደሆነ እንመልከት። ቮዳፎን በተባለው የስልክ ኩባንያ ኔትዎርክ ውስጥ ለሕጋዊ ጠለፋ ተብሎ የተዘጋጀ የሶፍትዌር መሣሪያ ነበር። ያልታወቁ ሰዎች በዚያው መሣሪያ ተጠቅመው የጠቅላይ ሚኒስትር ኮስታስ ካራማንሊስን፣ የሚኒስትሮችንና የሌሎችንም፣ በድምሩ ከመቶ በላይ ስልኮችን ለወራት አዳመጡ። መንግሥት ሌላውን እንዲሰማበት በተበጀው በር ሌላ ሰው ገብቶ መንግሥቱን ሰማው። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት መረጃ ተሰርቆ የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች ዝርዝር ወጣ፤ ከዚህ ውስጥ የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች የጣት አሻራ ይገኝበታል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የጣት አሻራ የተሰረቀበት ሰው ግን ጣቱን ሊቀይር አይችልም። በአንድ ቦታ የተከማቸ የሕዝብ መረጃ ለጠላት የተዘጋጀ ሀብት ነው። ስለዚህ «ሰብስበን እናስቀምጥ፣ ምናልባት አንድ ቀን ይጠቅማል» የሚለው ምክር ጥንቃቄ ይምሰል እንጂ ቸልተኝነት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የሰው ጠባይ ነው። ማንም ሳያየው ሌላውን ማየት የሚችል ሰው፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ውሎ አድሮ ከተፈቀደለት ወሰን ያልፋል። ኤፍቢአይ የሲቪል መብት ታጋዩን ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን የተከታተለው በብሔራዊ ደኅንነት ስም ነበር፤ ከ1963 ጀምሮ ስልኩ እንዲጠለፍ የፈቀዱት በጊዜው ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሮበርት ኬኔዲ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት በሆቴል ክፍሎቹ ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ ራሱን እንዲያጠፋ ከሚገፋፋ ስም የለሽ ደብዳቤ ጋር ተላከለት። በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራው ኮሚቴ በ1975 እና በ1976 ይህንና መሰል ድርጊቶችን ለሕዝብ ይፋ ሲያደርግ አሜሪካውያን ደነገጡ፤ በ1978 የውጭ ስለላን በፍርድ ቤት ፈቃድ የሚገዛ ሕግም ወጣ። ይሁን እንጂ ሕግ ከወጣ በኋላም ነቅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። በ2023 ይፋ የሆነ የፍርድ ቤት ሰነድ እንዳሳየው፣ ለውጭ ዜጎች ክትትል በተሰበሰበ የመረጃ ቋት ውስጥ ኤፍቢአይ ከ278,000 ጊዜ በላይ አግባብ ያልሆነ ፍለጋ አድርጓል፤ ከተፈለጉት መካከል ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ መገደሉን ለመቃወም የወጡ ሰልፈኞች ነበሩበት። ነገር ግን ይህን ማወቅ የቻልነው ተቆጣጣሪ ስለነበረ፣ ዳኛ መዝገቡን ስለመረመረ ነው። ተቆጣጣሪ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ቁጥር ጨርሶ አይሰማም፤ አለመሰማቱ ግን አለመፈጸሙን አያመለክትም።

ወደ እኛው አገር ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይነካናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በአንቀጽ 14 ላይ የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት በሽብር የተጠረጠረን ሰው ስልክ፣ ፋክስ፣ ኢንተርኔትና ደብዳቤ መጥለፍ የሚችለው የፍርድ ቤት ፈቃድ ሲያገኝ መሆኑን ይደነግግ ነበር። በወረቀት ላይ ዳኛው ነበረ። የመብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ዘገባ ግን የጸጥታ ሠራተኞች የማንኛውንም ደንበኛ የጥሪ ዝርዝር ያለ ፍርድ ቤት ሥርዓት ያገኙ እንደነበር፣ የተቀረጸ የስልክ ንግግርም ለታሰሩ ሰዎች በምርመራ ላይ እየተከፈተ ይሰማ እንደነበር መዝግቧል። በዚያን ጊዜ የስልክ አገልግሎት የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ስለነበር ጥያቄውን «የዳኛ ወረቀት አምጡ» ብሎ የሚመልስ አካል አልነበረም። ወንጀል ሠርቶ የተጠረጠረው ብቻ ሳይሆን ከውጭ አገር ዘመዱ ስልክ የተደወለለት ሰው ሁሉ የሚሰጋበት ዘመን እንደነበር ብዙ ኢትዮጵያውያን ያስታውሳሉ።

ክትትሉ በድንበር አልቆመም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ማእከል ሲቲዝን ላብ በ2014 በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ ጣልያን ሠራሽ የስለላ ሶፍትዌር ሊጫን መሞከሩን አጋለጠ፤ በ2017 ደግሞ ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር በውጭ ያሉ የኦሮሞ ተሟጋቾችና ሌሎች ሰዎች መጠቃታቸውን ዘገበ። በሁለተኛው ጉዳይ ተመራማሪዎቹ ነገሩን የደረሱበት አንዱ ምክንያት የሰላዮቹ የራሳቸው የሥራ መዝገብ በኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ መገኘቱ ነው። የሰውን ምስጢር ለመያዝ የተነሣ ተቋም የራሱን ምስጢር መያዝ አልቻለም። በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሬ ተሰልሏል ብሎ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ያቀረበው ክስ ደግሞ በ2017 ውድቅ ሆነ፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብትን በመጥቀስ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም ስላለ ነው። ተበዳዩ በተወለደበት አገር የሚሰማው አላገኘም፤ በሚኖርበት አገርም የሚዳኘው አጣ። በዚህ ሁሉ ዓመት ለክትትል የወጣው ገንዘብና ጉልበት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የተቀጣጠለውን ሕዝባዊ ተቃውሞ አላስቆመም፤ የሕዝቡን ብሶት አስቀድሞ ሰምቶ መልስ ለመስጠትም አላገለገለም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልለፍ። የመጀመሪያውና በየቦታው የምንሰማው «የምደብቀው ስለሌለኝ ምን አገባኝ» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ቅኖች ናቸው፤ አስተሳሰቡ ግን ገመናን ከወንጀል ጋር ያምታታል። ሰው ለሐኪሙ የሚነግረው ሕመም፣ ለጠበቃው የሚያማክረው ክስ፣ ለንስሐ አባቱ የሚናዘዘው ኀጢአት ወንጀል ስለሆነ አይደለም የሚደበቀው። በተጨማሪም አንተ የምትደብቀው ባይኖርህ እንኳ ምንጩን መጠበቅ ያለበት ጋዜጠኛ፣ ደንበኛውን የሚከላከል ጠበቃ፣ የባለሥልጣን ሙስና የሚያጋልጥ ሠራተኛ አለ፤ እነርሱ ሲፈሩና ዝም ሲሉ የምትጎዳው አንተ ነህ። ደግሞም ዛሬ የማያስከስስ ንግግር ነገ ሥልጣን በያዘ ሌላ ሰው ዘንድ ያስከስሳል፤ ሕግና ሹም ይለዋወጣሉ፣ መዝገቡ ግን አይጠፋም። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሦስት መንግሥታት ያየ ሕዝብ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለበት። የስልክ ጥሪ ዝርዝር ብቻ ነው፣ ንግግሩ አይሰማም የሚለውም ማጽናኛ አይሆንም። አንድ ሰው ለካንሰር ሐኪም፣ ከዚያ ለኢንሹራንስ፣ ከዚያ ለወንድሙ መደወሉን ያየ ሰው አንዲት ቃል ሳይሰማ የቤቱን ጉዳይ አውቋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የፈረንጆች ቅንጦት ነው፣ በጦርነትና በድህነት መካከል ያለ አገር ስለ ግል ሕይወት ለማውራት ጊዜ የለውም» የሚል ነው። ታሪካችን ግን ይህን አይደግፍም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን ሳይቀር ሕግ ከፈቀደው በስተቀር የሰው ደብዳቤ እንዳይከፈት ይደነግግ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን፣ የደብዳቤን፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክ ግንኙነትን ምስጢራዊነት ያስከብራል፤ ገደብ የሚጣለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ ያውም እንደ ብሔራዊ ደኅንነትና የሕዝብ ሰላም ባሉ ዓላማዎች ላይ በተመሠረተ ዝርዝር ሕግ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ከሕግ በፊትም በማኅበረሰባችን ዘንድ የሰውን ገመና መሸፈን ክብር፣ የንስሐን ምስጢር ማውጣት ደግሞ ነውር ሆኖ ኖሯል። ስለ ድህነትና ስለ ጦርነት የሚባለውም ቢሆን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ተቋማት ባልጸኑበት፣ ብሔርና ፖለቲካ በተካረሩበት አገር ገደብ የሌለው ክትትል በቀላሉ አንዱ ወገን ሌላውን የሚያጠቃበት መሣሪያ ይሆናል፤ የተጠቃው ወገንም በመንግሥቱ ላይ ያለውን እምነት ሲያጣ ለመንግሥት መረጃ መስጠት ያቆማል። የሽብርን ሤራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የሠፈር ሽማግሌ ነው። እርሱ መንግሥትን ከፈራ የትኛውም ማሽን አይተካውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ የሚመጣ ስለሆነ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይገባዋል፤ «ዳኛ እስኪፈቅድ ቦምቡ ይፈነዳል፣ ለተጠርጣሪው ከነገርነው ደግሞ ያመልጣል» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ክፍል መልሱ በሥራ ላይ ያለ ልምድ ነው። የአሜሪካ የውጭ ስለላ ሕግ በአስቸኳይ ጊዜ ያለ ፈቃድ መጀመርን ይፈቅዳል፤ ግን በሰባት ቀን ውስጥ ለዳኛው ማመልከቻ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ፍጥነትና የዳኛ ፈቃድ አይጣሉም። ለሁለተኛው ክፍል የተሻለው መልስ ከአህጉራችን ከራሷ መጥቷል። አማቡንጋኔ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኝነት ማእከል የአንድ ጋዜጠኛው ስልክ መጠለፉ ከታወቀ በኋላ ባቀረበው ክስ፣ የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2021 የአገሪቱ የጠለፋ ሕግ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰነ። ምክንያቶቹን መስማት ያስፈልጋል፦ ፈቃድ የሚሰጠው ዳኛ ነጻነት በበቂ አልተጠበቀም፤ ክትትል የተደረገበት ሰው በኋላ እንኳ አይነገረውም፤ የተሰበሰበው መረጃ እንዴት እንደሚያዝና እንደሚጠፋ አልተደነገገም፤ ለጋዜጠኞችና ለጠበቆች የተለየ ጥበቃ የለም። ፍርድ ቤቱ በወቅቱ ባስቀመጠው ጊዜያዊ ሥርዓት ሰውየው ክትትሉ ካበቃ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ እንዲነገረው አዘዘ፤ ምርመራውን የሚያበላሽ ከሆነ ደግሞ ዳኛው ማስታወቂያውን እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ሊያዘገየው ይችል ነበር። ማንም ወንጀለኛ በዚህ አያመልጥም። ያለ አግባብ የተሰለለ ሰው ግን የሚከስበትን በር ያገኛል፤ ጠላፊውም አንድ ቀን እንደሚታወቅ ስለሚያውቅ ከመጀመሪያው ይጠነቀቃል።

«ፌስቡክና ጉግል ከመንግሥት ይልቅ ያውቁናል፣ እነርሱን ዝም ብላችሁ መንግሥትን ትጠይቃላችሁ» ለሚሉም አጭር መልስ አለኝ። ኩባንያዎቹም በሕግ መገራት አለባቸው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱም ለዚህ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ኩባንያ ሰውን አያስርም፣ ቤት አይፈትሽም፣ ፓስፖርት አይነሣም። የማሰር ሥልጣን ያለው አካል የበለጠ ሲያውቅ የበለጠ መጠየቅ አለበት።

ይህን ሁሉ የምለው ጊዜው አሁን ስለሆነ ነው። ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራን፣ የዐይን ብሌንንና የፊት ምስልን ይመዘግባል፤ የባንክ ሥራችን በስልክ ሆኗል፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ካሜራዎች ቆመዋል። እነዚህ ለዜጋው ጥቅም የሚውሉ ሥራዎች ናቸው፤ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ወረቀት ያልነበረው ገበሬ መታወቂያ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስታዚ በመቶ ሺህ ሰው ጉልበት ያልቻለውን አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር ሊያደርገው የሚችልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ገደብ ማበጀት ከባድ ነው፤ ገደቡ ከአሰባሰቡ ጋር አብሮ መወለድ አለበት።

ስለዚህ አምስት ነገሮችን እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። ክትትል የሚፈቅደው ሕግ ማን፣ በምን ወንጀል፣ ለስንት ጊዜ እንደሚከታተል ለይቶ ይጻፍ፤ «ብሔራዊ ደኅንነት» የሚለው ቃል ብቻውን ፈቃድ አይሁን። ፈቃዱን ከአስፈጻሚው ነጻ የሆነ ዳኛ ይስጥ፤ አስቸኳይ ጊዜም ቢሆን በቀናት ውስጥ ይመርምረው። ክትትል የተደረገበት ሰው ምርመራው ሲያበቃ ይነገረው፤ የማይጠቅም መረጃም ይጥፋ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየዓመቱ ስንት ፈቃድ እንደ ተጠየቀ፣ ስንቱ እንደ ተፈቀደና ስንቱ እንደ ተከለከለ ቁጥሩን ለሕዝብ ያሳውቅ። በመጨረሻም ያለ ፈቃድ የጠለፈ ባለሥልጣን በግሉ ይከሰስ፤ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃም በችሎት ተቀባይነት ያጣ።

ሕግ አውጪዎች ሆይ፣ የምትጽፉትን አዋጅ ዛሬ ለምታምኑት ሹም ብላችሁ አትጻፉት፤ ነገ ሊሾም ለሚችለው ለማታምኑት ሰው ብላችሁ ጻፉት። ዳኞች ሆይ፣ የቀረበላችሁን የጠለፋ ማመልከቻ ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ፤ ያልጠየቀ ዳኛ ማኅተም ብቻ ነው። የደኅንነት ሠራተኞች ሆይ፣ ቁጥጥሩን እንደ ጠላት አትዩት፤ የሕዝብን እምነት የሚያስገኝላችሁ እርሱ ነው፣ ያለ ሕዝብ እምነትም አገር የጠበቀ የለም። እናንተም ታዳሚዎች፣ «የምደብቀው የለኝም» ከማለታችሁ በፊት የሌላውን ገመና አስቡ። መብታችሁ ሲነካ ብቻ ሳይሆን የማትወዱት ሰው መብት ሲነካም ተናገሩ፤ የእናንተ መብት የሚከበረው የእርሱም ሲከበር ነውና።